አምስት ሜትር ጨርቅ፦ ወጣት ሲኮች በየጠዋቱ የሚጠመጥሙት ጥያቄ

ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጺሙን ያሳደገ ሰው መንገድ ላይ ስናይ ብዙዎቻችን "ሕንድ ነው" ወይም "ሙስሊም ነው" ብለን እናልፋለን። አያቶቻችን ደግሞ ከሕንድ የመጣውን ነጋዴ ሁሉ "ባንያን" ይሉት ነበር። ያ ሰው ግን ሲክ ሊሆን ይችላል። ሲክ ሙስሊምም ሂንዱም አይደለም። የራሱ እምነት፣ የራሱ ቅዱስ መጽሐፍ፣ የራሱ የሰማዕታት ታሪክ አለው።

ሲኮች በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሰሜን ሕንድ፣ ፑንጃብ በሚባለው የእርሻ ምድር ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ካናዳ ውስጥ ከ770 ሺህ በላይ፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ደግሞ 524 ሺህ ያህል ሲኮች ተቆጥረዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ላስረዳ የፈለግኩት ስለ ወጣቶቹ ነው። ማተብ ያሰረ ሰው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ከቆለፈ ማተቡ አይታይም። የሲክ ጥምጥም ግን አውቶቡስ ላይም፣ ክፍል ውስጥም፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባል። የቤተሰብ፣ የትምህርት ቤት፣ የሥራ፣ የትዳር፣ የደኅንነት ጥያቄ ሁሉ እዚያ ጨርቅ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ ነገሩን ከፀጉር እንጀምረው።

"ሲክ" ማለት "ተማሪ" ማለት ነው። እምነቱን የጀመሩት ጉሩ ናናክ በ1469 ተወለዱ፤ "ጉሩ" ማለት መምህር ነው። የተወለዱበት ከተማ ናንካና ሳሂብ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ነው። ትምህርታቸው ለመናገር ቀላል ነው፤ መኖሩ ነው ከባዱ። አምላክ አንድ ነው። ሰው በዘሩ አይበላለጥም። የአምላክን ስም አስብ፣ በላብህ ሠርተህ ብላ፣ ካለህ አካፍል። ዓለምን ንቆ መመነን አያስፈልግም። አግብተህ፣ ወልደህ፣ እዚያው ሰው መሃል ሆነህ አምላክህን ታገኘዋለህ።

ከእርሳቸው በኋላ ዘጠኝ ጉሩዎች ተከታትለዋል። ከእነርሱም ሁለቱ፣ ጉሩ አርጃን በ1606፣ ጉሩ ቴግ ባሃዱር በ1675፣ ያኔ ሕንድን ይገዙ በነበሩት በሙጋል ነገሥታት እጅ ተገድለዋል። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 የጸደይ በዓል ዕለት ሕዝቡን አናንድፑር ላይ ሰበሰቡ። ሰይፍ መዝዘው "ራሱን የሚሰጠኝ ማነው?" ብለው ጠየቁ። አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ። ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። ዝቅ ተደርገው ከሚታዩት ወገኖች የተወለዱም ነበሩባቸው። ጉሩው በሰይፍ የተማሰለ ጣፋጭ ውሃ ከአንድ ዕቃ አጠጧቸው። ከዚያ ራሳቸው ተንበርክከው "አሁን ደግሞ እናንተ እኔን አጥምቁኝ" አሏቸው። መምህሩ በደቀ መዛሙርቱ እጅ ተጠመቀ ማለት ነው። ይህን ታሪክ የማያውቅ የሲክ ልጅ የለም።

ካልሳ የሚባለው የተጠመቁ ሲኮች ማኅበር የተመሠረተው ያን ቀን ነው። ወንዱ "ሲንግ" ተባለ፤ አንበሳ ማለት ነው። ሴቷ "ካውር" ተባለች፤ ብዙ ጊዜ "ልዕልት" ተብሎ ይተረጎማል። ሕንድ ውስጥ የቤተሰብ ስም ብቻውን ዘርህን ያሳብቅብሃል። ሁሉም ሲንግ፣ ሁሏም ካውር ከሆኑ ግን ማን ከማን እንደተወለደ በስም አይለይም።

የተጠመቀ ሲክ አምስት ነገሮችን ከሰውነቱ አይለይም። ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ትንሽ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ከጥጥ የተሰፋ ቁምጣ፣ እና ኪርፓን የምትባል አጭር ጎራዴ። ጥምጥሙ ራሱ ከአምስቱ አይቆጠርም። ሥራው ፀጉሩን መሸፈን ነው። ትርጉሙ ግን ከመሸፈንም ያልፋል። በድሮዋ ሕንድ ጥምጥም የመኳንንት ነበር። ጉሩው ለሁሉም ሰው አደረጉት። ገበሬውም፣ ቆዳ ሠሪውም ዘውድ ደፋ ብላችሁ አስቡት።

ፀጉሩስ ለምን አይቆረጥም? አምላክ የሰጠውን አካል እንዳለ መቀበል ነው ይላሉ። ሲሉት ቀላል ይመስላል። በ15 ዓመት ዕድሜ፣ ጓደኞችህ ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ፀጉር ቤት ሲሄዱ ግን ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁሉም ሲክ የተጠመቀ አይደለም። እንዲያውም የተጠመቁት ጥቂቶቹ ናቸው። ሳይጠመቅ ፀጉሩን የሚያሳድግ አለ። ጥምጥም ጠምጥሞ ጺሙን የሚያሳጥር አለ። ፀጉሩን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አምባሩን ብቻ ያስቀረም አለ፤ ጉርድዋራ ይሄዳል፣ ይጸልያል፣ ሲክ ነኝ ይላል። ጉርድዋራ የጸሎት ቤታቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ልጅ እንደ ጠፋ በግ ያዩታል። እሱ ግን አልጠፋሁም ይላል። የብዙ ቤት ጭቅጭቅ ይኸው ነው።

ጠዋቱን ልንገራችሁ። ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ ፀጉሩን ቅባት ቀብታ ታበጥረዋለች፣ አናቱ ላይ ትቋጥረዋለች፣ ፓትካ በምትባል አነስ ያለች ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ጎረምሳ ሲሆን ወደ ሙሉው ጥምጥም ይሸጋገራል። ለዚህ ሥነ ሥርዓት አለ። በቅዱሱ መጽሐፍ ፊት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የመጀመሪያ ጥምጥሙ ይጠመጠምለታል። ጨርቁ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያም የሚረዝም አለ። ከመጠምጠሙ በፊት በቁመቱ መታጠፍ አለበት። ይህን ደግሞ ብቻህን መሥራት አስቸጋሪ ነው። አባት አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ ልጅ ሌላውን፣ ሳሎን ለሳሎን ወጥረው ያጥፉታል። ብዙ ወጣቶች ስለ ቤታቸው ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ይህን ነው። አባቴ ብዙ አያወራም ነበር፣ ግን በየጠዋቱ የጨርቁን ጫፍ ይይዝልኝ ነበር የሚል ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ልጁ ከቤት ይወጣል።

ሲክ ኮአሊሽን የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ2014 ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት የሲክ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሚንገላቱ ተናግረዋል። ጥምጥም ካደረጉት መካከል ደግሞ ቁጥሩ 67 በመቶ ደርሷል። "ሽብርተኛ" ብሎ መስደብ አለ። ፓትካውን ከአናት ላይ መንጠቅም አለ። ለእኛ ኮፍያ የመንጠቅ ቀልድ ሊመስለን ይችላል። ለልጁ ግን ሰው መሃል ልብሱን እንደመገፈፍ ነው።

ይህ ፍርሃት ከምንም አልመጣም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት አራት ቀን በኋላ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የተባሉ ሰው አሪዞና ውስጥ ነዳጅ ማደያቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ገዳዩ ጥምጥማቸውን አይቶ ሙስሊም መስለውት ነበር። ኦገስት 5 ቀን 2012 ደግሞ አንድ ነጭ ዘረኛ ዊስኮንሲን፣ ኦክ ክሪክ በሚገኝ ጉርድዋራ ገብቶ ስድስት ሰው ገደለ። የቆሰሉ ሰባተኛ ሰው በ2020 አረፉ። ከሟቾቹ የአንዷ ልጅ፣ የ18 ዓመት ወጣት፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ ተናገረ። የለመነው እናቱ ቢያንስ በቁጥር እንድትገባ ነበር። ያኔ የአሜሪካ መንግሥት በጥላቻ የተጠቁ ሲኮችን ለብቻቸው አይቆጥርም ነበርና። መቁጠር የተጀመረው ከ2015 ወዲህ ነው።

ወጣቶቹ ሌላም ከባድ ጥያቄ አለባቸው። "እኔ እኮ ሙስሊም አይደለሁም" ማለት ትክክል ነው? እውነት ነው፣ አይደሉም። ግን እንዲህ ሲሉ "ሂድና እሱን ምታ" ማለት አይሆንም? ብዙዎቹ ይህን አስበውበታል። ስለ እምነታቸው ሲጠየቁ ሲክ መሆናቸውን ይናገራሉ፤ ስድቡን ወደ ሙስሊሙ ጎረቤታቸው አያዞሩትም። እኔ በዚህ በጣም አከብራቸዋለሁ።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ብሪታንያ ከ1976 ጀምሮ ጥምጥም ያደረገ ሲክ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ሄልሜት እንዳይገደድ ፈቅዳለች። በ1983 ደግሞ የማንድላ ጉዳይ የሚባለው ክርክር ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ለነበረው ለጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። አንድ ትምህርት ቤት ጥምጥምህን ካላወለቅክ አንቀበልህም ያለው ልጅ ነበር። ዳኞቹ ለልጁ ፈረዱ። ካናዳ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ኪርፓኑ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወድቃበት ነገሩ ዓመታት ፈጀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ልጁ ኪርፓኑን መያዝ ይችላል አለ፤ አፎቷ ተሰፍቶ ከልብስ በታች እስከሆነች ድረስ። በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ደግሞ ሲክ ምልምሎች ከነጺማቸውና ከነጥምጥማቸው ሥልጠና እንዲገቡ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፈረደው በ2022 መጨረሻ ነው።

ፈረንሳይ በተቃራኒው ሄደች። በ2004 ያወጣችው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ ወሬው ሁሉ ስለ ሙስሊም ሴቶች ሻሽ ነበር። ስለ ሲኮች ያሰበ አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን እነርሱም ከትምህርት ገበታ ተባረሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በ2012 ፈረንሳይ የአንድ የተባረረ ተማሪ መብት ጥሳለች ብሏል። ሕጉ ግን አልተነካም። የካናዳዋ ኩቤክም በ2019 አስተማሪዎች፣ ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ በሥራ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት እንዳያደርጉ ከልክላለች። መምህር ልሁን ብላ የተማረች ጥምጥም ያላት ወጣት ወይ ጥምጥሙን ትተዋለች፣ ወይ ክፍለ ሀገሯን።

"ጥምጥም ያላት ወጣት" ያልኩት በስህተት አይደለም። ከሴቶቹ አብዛኞቹ በሻሽ ይሸፈናሉ። የሚጠመጥሙ ወጣት ሴቶችም ግን አሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ጉሩው ዘውዱን ለወንድ ብቻ አልሰጡም ይላሉ። የፀጉር ነገር በሴት ላይ ሌላ ክብደት አለው። ቃል ኪዳኑ የራስ ፀጉርን ብቻ አይመለከትም፤ የፊትንም ይጨምራል። በ2012 አንድ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአንዲትን ሲክ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፎቶ ሳታውቅ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ለመሳለቂያ አወጣው። ፊቷ ላይ ፀጉር ነበራት። እሷ ራሷ ገብታ መለሰች። አልተሳደበችም። ይህ አካሌ የተሰጠኝ ነው፣ ሰው የሚያስታውሰኝ በመልኬ ሳይሆን በሥራዬ ነው የሚል ሐሳብ ጻፈች። ሰውየው ይቅርታ ጠየቃት።

ትምህርቱ ለሴት ያደላ ነው ማለት ይቻላል። ጉሩ ናናክ ነገሥታትን የምትወልደውን ስለምን ክፉ እንላታለን ብለው ዘምረዋል። ነገር ግን እስከ ዛሬ፣ አምሪትሳር ከተማ ባለው ዋናው መቅደሳቸው፣ በወርቃማው ቤተ መቅደስ ውስጠኛ ክፍል፣ ያንኑ መዝሙር ሴቶች ገብተው እንዲዘምሩ አይፈቀድም። ወጣት ሴቶች ይህን ሲያነሡ የእምነቱን መጽሐፍ ይዘው ነው የሚከራከሩት። ለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ መልስ የሚያጥራቸው።

የዘር ነገርም እንዲሁ ነው። ቅዱሱ መጽሐፍ ጉሩ ግራንት ሳሂብ የጉሩዎችን መዝሙር ብቻ አልያዘም። የካቢር መዝሙር አለበት፤ ካቢር ሸማኔ ነበር። የራቪዳስ አለበት፤ ራቪዳስ ቆዳ ሠሪ ነበር። የሙስሊሙ የሼክ ፋሪድም አለበት። በእኛም አገር ሸማኔና ፋቂ እንዴት ይናቁ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የእነርሱ ቃል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ገበሬውም ሹሙም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰግድለታል። ሆኖም ዛሬም ብሪታንያ ውስጥ በአንድ ወገን ስም የሚጠሩ ጉርድዋራዎች አሉ። የትዳር ማስታወቂያ ላይ "ከጃት ቤተሰብ" ተብሎ ይጻፋል፤ ጃት ባለመሬት የገበሬ ወገን ነው። አባት ስለ እኩልነት ሲሰብክ ኖሮ ልጁ ከሌላ ወገን ልታገባ ስትል ይቆጣል። ወጣቶቹን እንደዚህ የሚያቆስላቸው የለም።

ታሪካችን ከዚህ ነገር ጋር አንድ ቦታ ላይ ይነካካል። በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ ድረስ ከመጡት ወታደሮች መካከል 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒየር ጦር ነበር። ወታደሮቹ በብዛት ማዝቢ ሲኮች ናቸው፤ ማለትም በሕንድ የዘር ሥርዓት ከሁሉ በታች ከተጣሉት ወገኖች ሲክ የሆኑ። በአገራቸው የማይነኩ ይባሉ የነበሩ ሰዎች የሌላ አገር ንጉሥ ለመውጋት ተራራችንን ወጡ። ይህን ሳስብ ቅኝ ግዛት ሰውን በምን በምን እንደሚጠቀም ይገርመኛል።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ከኢትዮጵያ ውጭ ልጅ ያሳደገ ሰው የሚቀጥለውን ችግር ሳልነግረው ያውቀዋል። ቋንቋ። ጉሩ ግራንት ሳሂብ 1,430 ገጽ አለው። በጉርሙኪ ፊደል የተጻፈ፣ በዜማ የሚባል ነው። ቋንቋው የቆየ ስለሆነ ፑንጃቢ አቀላጥፎ ለሚናገርም ይከብዳል። ቫንኩቨር የተወለደ ልጅ ደግሞ ከአያቱ ጋር የሚግባባው በግማሽ ፑንጃቢ ነው። ጉርድዋራ ገብቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ዜማው ደስ ይለዋል፣ ቃሉ አይገባውም። ቅዳሴ ላይ በግዕዙና በአማርኛው መካከል የጠፋ የዋሽንግተን ወይም የስቶክሆልም ልጃችንን ያስታውሰኛል።

ወጣቶቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ዛሬ በብዙ ጉርድዋራ መዝሙሩ ሲዘመር ትርጉሙ ስክሪን ላይ ይወጣል። በብሪታንያ የተጀመረው ቤሲክስ ኦፍ ሲኪ እምነቱን በእንግሊዝኛ በዩቲዩብ ያስተምራል። በየቀኑ ማለዳ መጽሐፉ ተገልጦ የሚወጣው ቃል የዕለቱ ትእዛዝ ይባላል፤ ድሮ ለመስማት ጉርድዋራ መሄድ ነበረብህ፣ አሁን ስልክ ላይ ይደርሳል። በክረምት የልጆች ካምፕ አለ። ፊደል፣ ዜማ፣ የሰይፍ ጨዋታ ይማሩበታል። ጥምጥም ማሰርም ጭምር።

ቤት ውስጥ የማይወራ ነገርም አለ፤ 1984። በዚያ ዓመት ጁን ወር የሕንድ ጦር ወርቃማው ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የመሸጉ ታጣቂዎችን ለማስወጣት ገባ፤ ብዙ ምእመናንም አለቁ። ኦክቶበር 31 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲን ሁለት ሲክ ጠባቂዎቻቸው ገደሏቸው። ከዚያ በነበሩት ቀናት ዴልሂ ውስጥ ብቻ በመንግሥት ቆጠራ 2,733 ሲኮች ተገደሉ። ብዙ ወንዶች ነፍሳቸውን ለማትረፍ በእነዚያ ቀናት ፀጉራቸውን ቆረጡ። አያቱ ለምን ፀጉር እንደሌላቸው ጠይቆ መልስ ያላገኘ ልጅ፣ አድጎ መልሱን ከኢንተርኔት ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከዚያ ቁጣ "የራሳችን አገር ይኑረን" የሚለውን ካሊስታን የሚባል ሐሳብ የሚደግፉ ወጣቶች አሉ፤ የማይደግፉም ብዙ ናቸው። ሲክን ሁሉ በአንድ ጎራ ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ፑንጃብስ? እዚያ ሲክ መሆን ብርቅ አይደለም። ብዙኃኑ እነርሱ ናቸው። ግን እዚያም ፀጉራቸውን የሚቆርጡ ወጣቶች በዝተዋል። ከዚህ የተነሣ ጥምጥም አጠማጠም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ከፀጉሩ የባሰው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። መሬቱ ለወንድማማች ሲከፋፈል አንሷል፣ ሥራ የለም፣ "ቺታ" የሚሉት ነጭ ሄሮይን ገጠር ድረስ ገብቷል። ወጣቱ ዓይኑ ውጭ ነው። በየከተማው የእንግሊዝኛ ፈተና ማስጠኛ ቤት ሞልቷል። ልጃቸው ካናዳ የሄደላቸው ቤተሰቦች ጣሪያቸው ላይ የውሃ ታንከሩን በአውሮፕላን ቅርጽ ያሠሩታል። ጃላንዳር አጠገብ ታልሃን የምትባል መንደር ያለው ጉርድዋራ ደግሞ ሰዎች ቪዛ እንዲሳካላቸው የመጫወቻ አውሮፕላን በስለት የሚያቀርቡበት ነው። የጉርድዋራ መሪዎች ልማዱን አይወዱትም። ጉሩው እንዲህ አላስተማሩም ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ያችን ፕላስቲክ አውሮፕላን ይዞ የተሰለፈውን ልጅ ማን ይፈርድበታል?

ወጣቱን ከእምነቱ ጋር አጥብቆ የሚያስረው ብዙ ጊዜ ስብከት አይደለም። ወጥ ቤት ነው። በየጉርድዋራው ላንጋር የሚባል ነፃ ማዕድ አለ። ማንም ይገባል፣ ማንም ይበላል፣ ሃይማኖትህን የሚጠይቅ የለም። አምሪትሳር ላይ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይበላል። የሚያበስሉት፣ የሚያድሉት፣ ሳህን የሚያጥቡት በፈቃዳቸው ነው። ይህ አገልግሎት ሴቫ ይባላል። በ2020 እና 2021 ገበሬዎቹ አዲሶቹን የእርሻ ሕጎች ተቃውመው ዴልሂ በር ላይ ከርመው ሳለ ወጣቶቹ በአውራ ጎዳናው ላይ ላንጋር ዘረጉ። ሊበትኗቸው ለመጡት ፖሊሶችም ጭምር ምግብ አቀረቡ። ሕጎቹ በኖቬምበር 2021 ተሻሩ። ፀጉሩን የቆረጠውም፣ ቋንቋው የጠፋበትም ልጅ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ ማንም "አንተ ሲክ ነህ ወይ?" አይለውም።

ላንጋር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በናይሮቢና ሞምባሳ መንገድ ላይ፣ ማኪንዱ የሚባል ቦታ፣ የባቡር ሐዲዱን ለመሥራት ከመጡት ሕንዶች ጋር የተያያዘ ጉርድዋራ አለ። በ1926 የተሠራ ነው። መንገደኛውን ሁሉ በነፃ ያበላል፣ ያሳድራል። ዱባይ ጀበል አሊ ያለው ጉርድዋራም በ2012 ከተከፈተ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ማዕዱን ይዘረጋል። እዚያ ያላችሁ ልጆቻችን የዕረፍት ቀናችሁን ጎራ ብትሉ ማንም ፊት አይነሣችሁም።

ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ። ራሳችሁን ተሸፈኑ፤ ወንድም ሴትም፣ ነጠላም ሻሽም ይሆናል፣ ከሌላችሁ በር ላይ ይሰጧችኋል። ሲጋራና መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ። መሬት ላይ ነው የምትቀመጡት፣ ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ረድፍ። ምስሩ ይመጣል፣ አትክልቱ ይመጣል፤ ሥጋ የለም። የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አስጨምሩ፣ ማስተረፍ ነውር ነው። ሮቲ የሚባለውን ቂጣ የያዘው ልጅ ፊታችሁ ሲደርስ ደግሞ እጃችሁን ወደ ሳህኑ አትስደዱ። ቀና በሉና እንደ እናቶቻችን ወግ በሁለት እጃችሁ ተቀበሉት።